ሸንጎው፦ የአንድ የጅሩ ገበሬ የምክር ቤት ዘመን

አጎቴ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው የብሔራዊ ሸንጎ፣ የደርግ ዘመኑ ምክር ቤት፣ አባል የነበሩበት መታወቂያ ነው። ሁለተኛው በ1989 ስንት ጥማድ መሬት እንደቀረላቸው የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው። ሦስተኛው አረንጓዴው የመሬት ደብተር ነው። የአንድ ሰው የፖለቲካ ሕይወት በሙሉ እዚያ ላስቲክ ውስጥ ይገባል።

ይህን የጻፍኩት ከነዚህ ወረቀቶችና ከአጎቴ ጋር በየበዓሉ ከተጫወትነው ተነስቼ ነው። ስማቸውንም የቀበሌያቸውንም ስም አልጠራም፤ እሳቸውም እንዲጠራ አልፈለጉም። አገሩ ሰሜን ሸዋ ነው፣ ሞረትና ጅሩ። እኔ “ጋሼ” ነው የምላቸው። አገሬው “ሸንጎው” ይላቸዋል። ሸንጎው ከፈረሰ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን እሳቸው ላይ ቀርቷል።

ጅሩ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታየው ሰንጋው ነው። በዓል ሲደርስ “የጅሩ በሬ” ከተባለ ዋጋው ሰማይ ይነካል። እዚያ ላደገ ሰው ግን ጅሩ ማለት መጀመሪያ መረሬው ነው። ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይይዛል፣ በጋ ላይ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ውሃ ስለሚቋጥር እንዲሁ ቢዘሩበት እህሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሬ ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣል። ጭቃውን በእጁ እየሰበሰበ ከፍ ያለ መደብ ያበጃል፣ በመሐሉ ቦይ ያወጣል። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ ስለማሳልፍ ወገቤ ያውቀዋል።

ቦይ ግን ጠብ ነው። የላይኛው ማሳ ውሃውን ሲለቅ የታችኛው ይሰምጣል። የታችኛው ሲደፍን የላይኛው ይሰምጣል። በሐምሌ ዶማ ይዞ የሚጣላ ጎረቤት ሞልቷል። የጋሼ ስም የወጣው በዚህ ነው። ውሃው በማን በኩል አልፎ የት እንደሚወድቅ አይተው ሁለቱንም ሳያስከፉ የሚፈርዱ ሰው ነበሩ። ሹመት አልነበራቸውም። ሽምግልናውም ቢሆን ቀድሞ የደረሳቸው እንጂ እድሜያቸው ገና 30 አልሞላም ነበር። ይህን ነገር አስቀምጡልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። አዋጅ ቁጥር 31 ነው። አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር መያዝ ይችላል ይላል። ጅሩ ላይ ይህን ሲሰሙ ሰዎች ሳቁ ይላሉ ጋሼ፤ 10 ሄክታር ከየት መጥቶ። በየ20 ጋሻው፣ ማለትም በየ800 ሄክታሩ፣ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ተባለ። ለዘመቻ የመጡ ተማሪዎች ገበሬውን ዛፍ ሥር ሰብስበው “ማን ይጽፋል?” አሉ። ጋሼ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመዋል። እጃቸውን አላወጡም። ሌላው ሰው ነው ወደሳቸው የጠቆመው። በዚያው ጸሐፊ ሆኑ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊቀ መንበር።

ሊቀ መንበርነቱን ብዙም ማውራት አይወዱም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ መሬት ማካፈል፣ ማስታረቅ፣ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ፊደል ማስቆጠር። ከዚያ ኮታ መጣ። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ። ዋጋው ከገበያው በጣም ያነሰ ነበር። ማኅበሩ ኮታውን ካላሟላ የሚጠየቀው ሊቀ መንበሩ ነው። ስንዴ ያላገኘው ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ሲነገር ቀልድ ይመስላል። አክስቴ እስከ ዛሬ “እኛም ገዝተን ሰጥተናል” ትላለች።

በ1975 ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ይዘምታል። ይህም በኮታ ነው። ከላይ ቁጥር ይመጣል፣ ስም የሚጽፈው ማኅበሩ ነው። ዳዊት ያስተማረው እጅ የጎረቤት ልጆችን ስም ጻፈ። ጋሼ የራሳቸውን ታናሽ ወንድም ከዝርዝሩ ውስጥ እንደጻፉት ይናገራሉ፤ እንደ ማስረጃ። እኔ ግን ብዙ ሰው ያንን እንደማያስታውስ አይቻለሁ። የሚያስታውሱት የራሳቸውን ልጅ ነው። አንዲት እናት ልጇ በዚያ ዝርዝር ከሄደ በኋላ ለጋሼ ሰላምታ መስጠት አቆመች። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስበው ነበር። ይህ ልጅ ተመልሶ ይመጣል፣ በታሪኩም ውስጥ።

እንግዲህ ይህ ሰው እንዴት ተመረጠ? በመጀመሪያ የጠየቅኳቸው ይህንን ነበር።

በ1978 መጨረሻ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ወጥቶ 1 ሚሊዮን ያህል ቅጂ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ተበተነ። ጅሩ የደረሰውን ለሰው ጮክ ብለው ያነበቡት ጋሼ ናቸው። አንቀጽ በአንቀጽ፣ ለሁለት ክረምት ወር ያህል፣ እሑድ እሑድ። ሰው ይተኛ ነበር ይላሉ እየሳቁ፤ መሬት የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ሁሉም ይነቃል። ጥር 24 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተሰጠ። ሰኔ 7 ደግሞ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሆነ።

ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት እጩ ይቀርባል። እጩ የሚያቀርቡት ገዢው የሠራተኞች ፓርቲ ኢሠፓ፣ የብዙኃን ማኅበራትና ሠራዊቱ ናቸው። ተፎካካሪ ፓርቲ የለም፤ ፓርቲው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ቢሆንም ከሦስት ሰው አንዱን መለየት ነበረበትና ሕዝቡ ለየ። አንደኛው እጩ አስተማሪ ነበር፣ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ። ሰዉ “ሸንጎ ማለት ማስታረቂያ አይደል? እሱ ይሂድ” አለ። ጅሩ ሸንጎ የሚለውን ቃል በአባቱ ትርጉም ነው የወሰደው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነገር የሚሰማ ጉባኤ። የቦዩ ፍርድ ያስመረጣቸው ይመስለኛል። የኮታው ቂም ደግሞ አላስጣላቸውም፣ ምክንያቱም የሚተካቸውም ኮታ እንደሚሰበስብ ሁሉም ያውቃል።

በዚያ ዓመት ሰኔና ሰኞ ገጥሞ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ዋለ፣ ምርጫው በሳምንቱ እሑድ ሆነ። አክስቴ አትሂድ ብላ ነበር አሉ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ እሷ ግን እስካሁን ጣቷን ትቆጥራለች።

ጳጉሜን 1979። ጋሼ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ደረሱ፣ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ። መርካቶ ገብተው ሙሉ ልብስ ገዙ። ከረባቱን ያሰረላቸው የሆቴል አስተናጋጅ ነው። ሲመሽ እንዳይፈታባቸው ሳይፈቱ በራሳቸው ላይ አውልቀው አልጋው ራስጌ ሰቀሉት። በማግሥቱ እንደ በሬ ቀንበር መልሰው አጠለቁት። ይህን ሲያወሩ አክስቴ ሁልጊዜ ትስቃለች፣ ስንት ጊዜ ሰምታው።

አዳራሹ ውስጥ 835 አባላት ነበሩ። ጄኔራል፣ ሚኒስትር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ደራሲ፣ ገበሬ። በዚያ ጉባኤ ኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ተባለች፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ጎናቸው የተቀመጠውም አወጣ። ያላወጣ ሰው አላየሁም ይላሉ። የአገሪቱ አከፋፈልም ተቀየረ፤ ሸዋ ተከፋፍሎ ሰሜን ሸዋ ራሱን የቻለ አስተዳደር አካባቢ ሆነ። የሠሩት ሕግ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ይህንን ነው። የአገራቸው ስም ስላለበት ይመስለኛል።

ሥራው እንዴት እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅምና እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሸንጎው በመደበኛነት በዓመት አንዴ ነበር የሚሰበሰበው። በመሐሉ ሥልጣኑን ይዞ የሚቆየው የመንግሥት ምክር ቤት የሚባል ትንሽ ቡድን ነው። ስለዚህ አባሉ ቀናት ተሰብስቦ፣ ሪፖርት ሰምቶ፣ አጽድቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጋሼም ወደ ሞፈራቸው። ከዚያ በፊት በጃንሆይ ዘመን በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል በሕዝብ ይመረጥ ነበር፤ ግን ለመወዳደር በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት። ዛሬ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ነው፤ ገበሬ ቢመረጥ በሬውን ለሰው ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ያለ ንብረት መግባት ተችሎ ከእርሻ ሳይወጡ ሕግ አውጪ መሆን የተቻለው በሸንጎው ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሕግ የማውጣቱ ክፍል ነው የጠፋው።

በአራቱ ዓመት ጋሼ አንዴም ተነስተው አልተናገሩም። ለምን ስላቸው “ምን ብዬ?” ነው መልሳቸው። አንድ ጊዜ ስለ ኮታው ሊያነሱ አስበው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠኑት አደሩ። በማግሥቱ አጀንዳው ሌላ ነበር።

አገር ቤት ያለው ሰው ግን ይህን አያውቅም። “ሸንጎው መጣ” ሲባል አቤቱታ ይዞ ይሰለፋል። ልጄ የት ግንባር እንዳለ ጠይቅልኝ። ጤና ጣቢያ ይሠራልን። ማዳበሪያው ዘገየ። ጋሼ ሁሉንም ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ ጽሕፈቱ እንደ ብራና ጥንቅቅ ያለ ነው። ከአቤቱታዎቹ አጠገብ “ተሰጠ” የሚል ቃል አለ፣ ለሚመለከተው ተሰጠ ለማለት። “ተፈጸመ” የሚለውን ግን ብዙ ፈልጌ አላገኘሁም። ቀስ በቀስ ሰዉ መምጣት ተወ። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ቦይ ሲያስታርቁ ማምሻውን ውሃው ሲሄድ ይታይ ነበር። እዚህ ግን የላኩት ነገር የት እንደሚወድቅ አያዩም።

የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። የእህሉ ኮታ ቀረ፣ ገበሬው እህሉን በነፃ ገበያ መሸጥ ቻለ፣ በጋራ ያርሱ የነበሩት የአምራቾች ማኅበራትም ወዲያው እየፈረሱ ንብረታቸውን ተካፈሉ። ለጅሩ ገበሬ ከ1967 ወዲህ ትልቁ ዜና ይህ ነው። ውሳኔው የተነገረው በፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ነው። የብሔራዊ ሸንጎ አባሉ ጋሼ የሰሙት በሬዲዮ ነው፣ አውድማቸው ላይ ቆመው። ጎረቤታቸው “አንተ ነህ ያስደረግኸው?” ብሎ ጠየቃቸው። አይደለሁም አሉ። ሰውየው አላመነም።

አንድ እጅ በደስታ አውጥቻለሁ ይላሉ። በግንቦት 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ሸንጎው በአስቸኳይ ተጠራ። ከሻዕቢያ ጋር ያለ ቅድመ ሁኔታ ለሰላም መነጋገር የሚለው ሐሳብ ቀረበና ጸደቀ። የዚያ የውትድርና ዝርዝር ስሞች በዓይናቸው ሳይመጡ አልቀሩም። ንግግሩ አልሰመረም። በሚያዝያ 1983 ለመጨረሻ ጊዜ ተጠርተው ሲሄዱ መንገዱ በወታደር ተሞልቶ ነበር። ግንቦት 13 ፕሬዚዳንቱ ከአገር ወጡ። ጋሼ ሙሉ ልብሱን ሳጥን ውስጥ አስገቡ፤ በኋላ ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ሰጡት። ከረባቱ አሁንም እንደታሰረ ነው።

ቀጥሎ ያለው ስድስት ዓመት ጸጥ ያለ ነው። አረሱ። ሰንጋ አደለቡ።

በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ። ደርግ መሬት ካከፋፈለ ወዲህ ያደጉ ወጣቶች፣ ከጦር ግንባር የተመለሱ ወታደሮች፣ ብቻቸውን ቤት የሚመሩ ሴቶች መሬት አልነበራቸውም። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። አሠራሩ ግን ሰውን በምድብ ከፈለ። ተራው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር፣ ማለትም እስከ 12 ጥማድ መያዝ ይችላል። በደርግ ጊዜ ኃላፊነት የነበረው “ቢሮክራሲ” ተባለ፣ ከጃንሆይ ዘመን የቀረው “ፊውዳል”። ለነዚህ ከ1 ሄክታር አይበልጥም። አራት ጥማድ።

ጋሼ ስብሰባው ላይ ተነስተው ቢሮክራሲ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። በአራት ዓመት ሸንጎ ያልተናገሩት ሰው! አንዱ “ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠ” አላቸው። ጋሼ ቤት እስከዚያ ቀን ጠረጴዛ አልነበረም። የመጀመሪያውን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፣ ከዓመታት በኋላ። አክስቴ እህል ታሰጣበታለች።

ልብ በሉ፣ ሸንጎ ባይገቡም የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር መሆናቸው ብቻ ለምድቡ ይበቃ ነበር። ግን ሌሎች ሊቀ መናብርት ሲከራከሩ፣ ዘመድ ሲያማልዱ፣ አንዳንዶቹም ሲያመልጡ እሳቸው ማምለጫ አልነበራቸውም። ስማቸው ራሱ “ሸንጎው” ነው። ከ11 ጥማድ 7ቱ ሄደ። የአበው ተረት “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ይላል። ጋሼ ተረቱ ሲነሳ ዝም ይላሉ። አክስቴ ናት “የበላነውስ የት አለ?” የምትል።

የተወሰደው መሬት ለሦስት ሰው ተሰጠ። ከሦስቱ አንዱ ያ ልጅ ነው፣ እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ የምትስበው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ገብቶ ነበር። ስድስት ዓመት በሰው መሬት በየሲሶ አርሷል። ከጋሼ ማሳ 3 ጥማድ ደረሰው። ይህን ሲነግሩኝ ንዴት እጠብቅ ነበር። “ለሱስ ይገባዋል፤ እኔ ነኝ የላክሁት” አሉ። ሌሎቹን ሁለቱን ግን እስካሁን በስማቸው አይጠሯቸውም። ሰው ናቸው እንግዲህ።

ምድቡን ፍትሐዊ ነው የሚሉ አሉ፤ ከራሴ ዘመዶች ውስጥም። ኮታ ሲሰበስብ፣ ልጅ ሲመዘግብ የነበረ ሰው የሆነ ነገር መክፈል አለበት ይላሉ። ልክ አይደሉም ማለት አልችልም። የሚያስቸግረኝ ሂሳቡ ነው። ትእዛዙን ከላይ ያወረደውም፣ ዛፍ ሥር በጣት ተጠቁሞ የጻፈውም ቢሮክራሲ ተባሉ። ከላይ ያለው ደግሞ ጅሩ ላይ መሬት የለውም፤ መሬት የሚለካበት ገመድ የሚደርሰው ገበሬው ጋ ብቻ ነው።

አረንጓዴው ደብተር በኋላ መጣ። የጋሼና የአክስቴ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። አራት ጥማድ። ፎቶው ላይ ጋሼ ያ ከረባት የላቸውም፤ ጋቢ ነው።

ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ ሄጄ ነበር። ጋሼ 80 አልፈዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አመሻሹ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ያ የቀድሞ ወታደር ነው፣ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ከላይኛው ጎረቤቱ ጋር በቦይ ተጣልተዋል። ማሳቸው በመሣሪያ ተለክቶ ካርታ ተሰጥቷቸዋል፤ ወሰኑ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ። ውሃው በየት ይሂድ የሚለውን ግን ካርታው አይናገርም። ቀበሌ ሄደው ነበር። እዚያ ተስማሙ ተብለው ተመለሱ።

“ጋሼ ሸንጎው፣ የድሮው ቦይ በየት ነበር?” አለ ወታደሩ።

ተነሱ። አክስቴ ዝናብ ነው ብትል አልሰሙም። ተከተልኳቸው። ከ1989 ወዲህ የሳቸው ያልሆነው ማሳ መሐል ገብተው በከዘራቸው መረሬውን እየወጉ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ተመለሱ። “እዚህ ቆፍር” አሉት። ወታደሩ ዶማውን አነሳ። በሦስተኛው ምት ድንጋይ ነካ። ድንጋዩን የቀበሩት አባታቸው ናቸው አሉ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወደ ገደሉ አፍ ይቆፍሩ ጀመር። እኔ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እሱን እጎትት ነበር፤ ቀና ስል ውሃው መሄድ ጀምሯል።